ስለ አጭር ልብ ወለድ ረጃጅም መጻሕፍት

አጭር ልብ ወለድ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ስለ ምን ይህን ያህል እንደሚረዝሙ የሚያስረዳኝ ሊቅ እስካሁን አላገኘሁም። እዚህ በቤኒሻንጉል፣ መንጌ ተቀምጦ መጽሐፍ የሚሻ ሰው ወደ አሶሳ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ወዳጅ እስኪያገኝ ይታገሣል፤ ወዳጁም «የትኛውን ላምጣልህ?» ሲለው፣ እንደ እኔ ስም የሚጠፋበት ከሆነ፣ «ስለ አጭር ልብ ወለድ አጻጻፍ የሚናገረውን» ብሎ ይሰደዋል። እንግዲህ ሻጩ ዕውቀትን በሚዛን የሚሸጥ ይመስል፣ የሚመጣው ሁልጊዜ ለራስጌ የሚበቃ ድርሳን ነው።

ድርሳኑም በመቅድሙ፣ አጭር ልብ ወለድ ማለት በአንድ ቁጭታ ተነብቦ የሚያልቅ መሆኑን ይደነግጋል። ይህን ሥርዓት ያወጣው አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ በፈረንጆች 1842 ሲሆን፣ ልኩንም ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት አድርጎታል። የማን ቁጭታ እንደ ሆነ ግን አልነገረንም። ቡና ተጠርቶ ሄዶ ከአቦል እስከ በረካ ያለውን ሁሉ ጠጥቶ፣ ልነሣ ሲል ዝናብ የያዘው ሰው ቁጭታው ስንት ሰዓት ነው? መቋሚያውን ተደግፎ ማኅሌት ሲቆም የሚያድረው ደብተራስ፣ ከቶ ስለማይቀመጥ፣ አጭር ልብ ወለድ ሊያነብ አይገባውም ማለት ነውን? እኔ ራሴ ወደ አሶሳ ልሄድ ተሳፍሬ፣ መኪናው ሰው እስኪሞላ ድረስ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙትን «ልብ ወለድ ታሪክ» ከዳር እስከ ዳር ጨርሼዋለሁ፤ ስለዚህ በፖ ሕግ ብንሄድ የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ የሚባለው መጽሐፍ፣ በአንድ ረዳት ስንፍና ምክንያት፣ አጭር ሆኖ ቀረ።

በአገራችን የትርጓሜ መምህር «አንድም» እያለ አንዲቱን ኃይለ ቃል ሲያራቅቃት ይውላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ንባቡን ያሰማል። የቅኔ ተማሪም መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል፣ ወይም ይጥልበታል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይቆጥራል። እኛ ግን ንባቡን ትተን ትርጓሜውን ተሸክመን እንዞራለን! ታደሰ ሊበን በ1949 ዓ.ም. ያሳተሙትን «መስከረም» የተባለውን የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል አምጡልኝ ብዬ ያልለመንሁት መንገደኛ የለም፤ የሚመጣልኝ ግን ስለ ግጭት፣ ስለ ጡዘትና ስለ ልቀት የሚያትት፣ ምሳሌውን ሁሉ ከሞፓሳንና ከቼኾቭ የቀዳ መመሪያ ነው። ድርሰቱን ሳያሳዩ አጥንቱን ማስቆጠር ምን የሚሉት ትምህርት ነው? ደራሲ ነኝ ባዩስ ቢሆን፣ አንዲት ታሪክ ሳይጽፍ የመመሪያ ዓይነት ሲያማርጥ የሚያረጀው እስከ መቼ ነው?

ይህን ያህል መቆጣቴ ሁሉንም አንድ ላይ ለመኰነን አይደለም። ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ን ጽፈው ካሳዩ በኋላ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ»ን ቢያዘጋጁ ሥልጣኑ አላቸው፤ የዘሪሁን አስፋው «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን»ም ከአማርኛ ድርሰት ጋር የተዋወቀ መጽሐፍ ነው። ደግሞስ መጽሐፍ የሚያመጣልኝ ወዳጄ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል ሲባል ሰምቼ፣ እንደ ልማዴ አንድ ሌላ መመሪያ እንዲያመጣልኝ ነግሬዋለሁ። የት እንደማስቀምጠው እንጃ። የቀርከሃ መደርደሪያ ሊሠራልኝ ቀብድ የተቀበለው ሰው ወርቅ ወደሚታጠብበት ወንዝ ወርዷል አሉ፤ እስኪመለስ ምስጡ ከየትኛው ምዕራፍ እንደሚጀምር አይታወቅም።