የጀማሪን ሥዕል በአድናቆት ማድከሚያ ዘዴ

አንድ ጀማሪ ብሌንደር በተባለው የኮምፒውተር ሥዕል ፕሮግራም የሠራውን የጀበና ምስል ልኮ «እስቲ እዩልኝ» ካለዎት የመጀመሪያው ጥንቃቄ አለማየት ነው። ካዩ ጣጣ አለው። ሸክላው እንደ ፕላስቲክ ባልዲ ያብረቀርቃል፤ ከሥሩ ጥላ ስለሌለ ጀበናው ከወለሉ አንድ ጣት ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፤ መቀመጫው ክብ ሆኖ ሳለ ያለ ማቶት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይህን ሁሉ አይቶ ዝም ማለት ያስቸግራል፣ ለመናገር ደግሞ ይሉኝታ አለ። ስለዚህ ዓይንዎን ሳያሳርፉ «ዋው፣ ጎበዝ፣ በርታ!» ይበሉ። ቃሉ ለጀበናም ለመኪናም ለአንበሳም እኩል ይሠራል፤ ማሞገስ የሚከብድዎ ከሆነም «አይረባም» ማለት ይችላሉ፤ እሱም ማየት አይጠይቅም።

የዘዴው ብልሃት የሚገባው ሥዕሉ በምን እንደተሠራ ሲታሰብ ነው። በዘይት ቀለም የሣለ ሰው ተሳስቶ ከሆነ ሸራውን መፋቅ ሊኖርበት ይችላል። ብሌንደር ላይ ግን ያ የባልዲ ብልጭታ አብዛኛውን ጊዜ የአንዲት ቁጥር ጉዳይ ነው፤ ራፍነስ የምትባለው መለኪያ ወደ 0 ስትጠጋ ገጹ መስታወት ይሆናል፣ ወደ 1 ስትጠጋ ይደበዝዛል። እንግዲህ አደጋው ይታይዎት፦ «ሸክላው አብረቅርቋል፣ ራፍነሱን ጨምርለት» ካሉት ልጁ በግማሽ ደቂቃ ያስተካክለዋል፤ የዓመት «በርታ»ዎ ያላመጣውን ለውጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አመጣው ማለት ነው። ለምሳሌ ማርቲን ኒውዌል እ.ኤ.አ. በ1975 በዩታ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር የቀረጻት የሻይ ብራድ፣ የዘርፉ ሰው ሁሉ መለማመጃ የሆነችው፣ መጀመሪያ ወለል አልነበራትም። ሌሎች ኋላ ላይ ወለል ገጠሙላት። ተመልካቹ ሁሉ አድንቆ ብቻ ቢያልፍ ኖሮ ሻዩ እስከ ዛሬ ይፈስ ነበር።

«ጀማሪ ሞራሉ ይነካል» የሚሉ አሉ፤ እውነትም «አይረባም» ይነካል። ቁጥር ከ0.1 ወደ 0.8 መቀየር ግን የማንን ልብ እንደሰበረ አልተሰማም። ከዚህ የሚጠነክረው ሙግት «ጥበብ የስሜት ጉዳይ ነው» የሚለው ነው፤ ይህንን ለተቺው ከመመለስ ይልቅ ሥዕሉን የሠሩት እርስዎ ሲሆኑ ያቆዩት። ስለ ጥላው ሲጠየቁ «ሆን ብዬ ነው» ይበሉ። በእርግጥ ጀበና ሊያንሳፍፍ የፈለገ ሰው አንድ ክንድ ያንሳፍፋል እንጂ በተረሳ ጥላ ልክ አያንሳፍፍም፤ ቢሆንም ይህን የሚያስተውል ተመልካች ጥቂት ነው። እሱ ከመጣብዎ ወደ ድካምዎ ይሽሹ፦ «ኮምፒውተሬ ደካማ ነው፣ ሬንደሩ (ምስሉን አስልቶ ማውጣቱ) ሌሊቱን ሙሉ ነው ያደረው።» ተርነር ዊትድ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመው፣ የብርሃን ጨረርን በኮምፒውተር እየተከተለ የሠራው ምስልም 74 ደቂቃ ፈጅቶበት ነበር፤ የሚታወሰው ግን ብርሃን በመስታወት ኳስ አልፎ ሲታጠፍ ስላሳየ ነው፣ ደቂቃው ምስሉ ላይ አይታይም። እርስዎ ግን ሌሊቱን ደጋግመው ያንሱ። ተቺው አሁንም «የቱ ጋ እንደሆነ ላሳይህ» ካለ አንድ መፍትሔ ይቀራል፦ የብሌንደሩን ፋይል አጥፍተው ምስሉን ብቻ ያስቀሩ። ያኔ ቁጥሯን እርስዎም አያገኟትም።