የ12 ቮልት ምጽዋት

ደግ ሰው ጠፋ እያለ የሚያማርር ሁሉ ሲመሽ ወደ አዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ብቅ ይበልና ይጸጸት። አላፊ አግዳሚው እንዲያይና እንዲሰማ ብሎ ኪሱን ያራገፈ ወገን እዚያ በሰልፍ ያልፋል። ሶማሌ ተራ ወርዶ ፋብሪካው የገጠመለትን አምፖል አስነቅሏል፤ በምትኩ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ኤልኢዲ አስገብቷል፤ ከፊት ፓውዛ ደርድሯል፤ ከኋላ ደግሞ የሠርግ ቤት ሞንታርቦን የሚያስንቅ ስፒከር ቀብሯል። ይህን ሰው «ታይታ ወዳድ» ይሉታል። ስም ማጥፋት ነው። ታይታ ወዳድ ከታይታው አንዳች ነገር ለራሱ ያተርፋል፤ የእኛ ሰው ግን በገዛው ብርሃን አጥርቶ አያይበትም፣ በገዛው ስፒከርም ሙዚቃ በወጉ አይሰማበትም። ምንም ሳይተርፈው የሚሰጥን ሰው መጽዋች ከማለት በቀር ምን እንለዋለን?

ምጽዋቱን ከመብራቱ እንጀምር። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ያለው ኤች4 የሚባለው አምፖል በውስጡ ሁለት ክር አለው፤ ለአጭሩ መብራት 55 ዋት፣ ለረጅሙ 60 ዋት። ከአጭሩ ክር ሥር አንዲት ትንሽ ብረት ተጋርጣለች። ሥራዋ ብርሃኑ ታችኛውን አንጸባራቂ መትቶ ወደ ላይ፣ ወደ ሰው ዓይን እንዳይነሣ መከልከል ነው። አንጸባራቂው ራሱ የተቀረጸው ክሩ የሚቀመጥባትን ነጥብ ተከትሎ ስለሆነ፣ ቅርጹ ሌላ የሆነ አምፖል ሲሰካበት ብርሃኑ ያለ አድልዎ ለሁሉም ይበተናል፦ ለመጪው ሾፌር፣ ለእግረኛው፣ ለፎቁ መስኮት። በአውሮፓ ከ2,000 ሉመን በላይ ለሚሰጥ አጭር መብራት ከፍታውን ራሱ የሚያስተካክል መሣሪያና የመብራት ማጠቢያ ግዴታ ነው። ንፉጎች! ብርሃንን ለአስፋልቱ ብቻ ሊያውሉት ነው። የእኛ መጽዋች ግን ከመኪናው አፍንጫ ሥር ያለውን መሬት እንደ ቀን ስላበራው የዓይኑ ብሌን ይጠባል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ከቀድሞው ይልቅ ይጨልምበታል። ጣርማ በር ላይ ጉም በወረደ ጊዜማ የበተነው ብርሃን ጉሙን መትቶ ወደ ገዛ ዓይኑ ይመለስለታል። ስጦታው ተመላሽ የሚሆንበት ብቸኛ ቦታ ይህ ይመስለኛል።

«መንገዱ ጨለማ ነው፤ ጉድጓድ አለ፣ አህያ አለ፣ መብራት የሌለው ጋሪ አለ፤ ምን እናድርግ?» የሚል ይነሣል። ጨለማውስ እውነት ነው። ግን ጉድጓዱ ያለው መሬት ላይ እንጂ በመጪው ሾፌር ግንባር ላይ አይደለም። የደበዘዘውን የመብራት መሸፈኛ ማስወልወል፣ አቅጣጫውን ግድግዳ ላይ አስለክቶ ማስተካከል፣ ደህና የኤች4 አምፖል መግዛት አሉ፤ ሦስቱም ርካሽ ናቸው፤ ሦስቱንም የሚያደንቅ መንገደኛ የለም። «ሌሎቹ ስላስገጠሙ ራሴን ለመከላከል ነው» የሚለው ደግሞ፣ በሰማንያ ፍጥነት ወደ እሱ የሚመጣውን አይሱዙ ሾፌር ዓይን ማጥፋት ምን ዓይነት መከላከያ እንደሆነ ያስረዳን።

ወደ ድምፁ ስንመጣ ልግስናው ወሰን ያጣል። የአምፕሊፋየሩ ካርቶን 1,000 ዋት ይላል፤ ጀርባው ላይ ያለው ፊውዝ 20 አምፔር ከሆነ ግን በ12 ቮልት ሲባዛ 240 ዋት ነው። የቀረው ለካርቶኑ የተከፈለ ነው። ኃይሉን በእጥፍ ማሳደግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ድምፁ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል አሥር እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። የ50 ኸርዝ ቤዝ የሞገድ ርዝመቱ ሰባት ሜትር ገደማ ነውና በርና ግድግዳ ብዙም አያግደውም፤ ዘፋኙን ግን መስኮቱ ያስቀረዋል። ስለዚህ ሰፈሩ ግጥምም ዜማም የሌለው «ዱም ዱም» ይደርሰዋል፣ ባለቤቱ የታርጋውን መንቀጥቀጥ ያዳምጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጆሮ የሚፈቅደው 80 ዴሲቤል በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው፤ የሞቱ የውስጥ ጆሮ ሴሎችም ዳግም አይበቅሉም። ቀኑን ሙሉ ከስፒከሩ ጋር የሚውለው የሚኒባስ ረዳት ጆሮውን ጭምር መጽውቷል ማለት ነው። ተሳፋሪው ሙዚቃ ያለበትን ታክሲና ባጃጅ ይመርጣል ይሉናል። ይመርጥ ይሆናል፤ መውረጃው ደርሶ «ወራጅ አለ!» ብሎ የሚጮኸውም ያው ተሳፋሪ ነው፤ ረዳቱ ሲሰማው ሁለት ፌርማታ አልፏል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት ቆጥሮታል፤ ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ምጽዋት ቀምሰው አያውቁም ይሆናል።

«ንብረቴ ነው» ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ መኪናው የእሱ ነው፣ ዓይኑና ጆሮው የእኛ። በተረፈ ያለ ፊውዝ ከባትሪው የተቀጠለው ሽቦ አንድ ቀን ሙቆ ሲቀልጥ ሦስተኛውን ስጦታ፣ እሳቱን፣ ያመጣል። ምጽዋት በስውር እንደሚሰጥም የማያውቅ አይምሰላችሁ፤ ለቦሎ ምርመራ በሚቀርብበት ዕለት የፋብሪካው አምፖል ከዳሽቦርዱ ወጥቶ ይገጠማል፣ ፓውዛው ይፈታል፣ ሬዲዮኑም በለሆሳስ ዜና ያነባል፤ እስከ ማታ ድረስ።