ደጅ ጥናት በጠፈር

ግንቦት 1 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ በጎጃም የልደታ ንፍሮ ደጅ ላይ ተቀቅሎ ጎረቤት በሚቃመስበት ዕለት፣ አሜሪካ ውስጥ «ስታርጌት ዩኒቨርስ» የሚባለው ተከታታይ የመጨረሻ ክፍሉን አሳየ። ታሪኩ ዴስቲኒ በምትባል ጥንታዊ የጠፈር መርከብ ላይ ሳያስቡት ስለተጣሉ ሰዎች ነው። በዚያ ምሽት ሰዎቹ ሩቅ መንገድ ጠበቃቸው፤ ስንቅም ኃይልም ስለማይበቃቸው ለሦስት ዓመት በእንቅልፍ ሣጥን ውስጥ ሊቆዩ ተስማሙ። አንዱ ሣጥን ግን ብልሽት ነበረበት። ኢላይ የተባለው የሒሳብ ሊቅ ወጣት «እኔ ልቅር፣ በሁለት ሳምንት እጠግነዋለሁ» አለ። ሁሉም ተኙ። ልጁ ብቻውን ወደ ትልቁ መስኮት ሄደ፣ ወደ ውጭ ተመለከተና ፈገግ አለ።

ይኸው ነው። ጣቢያው ተከታታዩን የሰረዘው ከወራት በፊት ስለነበር ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚያውቅ የለም። ሁለት ሳምንቱ ካለፈ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነ፤ አድናቂዎቹ ግን አንድ ፊልም ተሠርቶ ልጁ ከዚያ መስኮት እስኪነሳ ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ሣጥኑ በምን ሽቦ እንደሚጠገን፣ መርከቧ የት እንደምትደርስ ሲከራከሩ አድረዋል። ልጁ ይህን ሁሉ ዘመን ምን እየበላ ቆየ ብሎ የሚጠይቅ ከተገኘ መቼም የጎጃም እናት ትሆናለች።

አማርኛ ለዚህ ሙያ ስም ካወጣለት ቆይቷል። ደጅ ጥናት ይባላል። ድሮ ሹመት የፈለገ ወይም ርስቱን የተነጠቀ ሰው በሶውን ቋጥሮ ወደ ጌታ ግቢ ይወርዳል። ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሳል፣ ሲገባ እጅ ይነሳል፤ አጋፋሪው «ዛሬ አይመቻቸውም፣ ነገ ና» ይለዋል፤ እሱም ነገ ይመጣል። ያ ሰው ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። በሶው ሲያልቅ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። የዛሬው የጠፈር ደጅ ጠኚ ከዚህ ድክመት የጸዳ ነው። ስንቁ ዲቪዲ ስለሆነ አያልቅበትም፤ ሲርበው ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ እንደገና ያየዋል።

የዚህ ሁሉ ጥፋተኛ፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ «ስታር ትሬክ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በኤንቢሲ ጣቢያ ጀመረ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በሁለተኛው ዓመቱ ሊሰረዝ ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ ተመልካቹ ጣቢያውን በደብዳቤ አጥለቀለቀው፤ በ1968 መጀመሪያ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። ጌታው ራራና ሦስተኛ ዓመት ፈቀደ። የፈቀደውም ዓርብ ማታ በእኛ አራት ሰዓት ላይ ነበር፤ ተከታታዩን የሚወደው ወጣት ሁሉ ከቤቱ በሚወጣበት ሰዓት መሆኑ ነው። በ1969 ተዘጋ። ደጅ ጠኚዎቹ አልተበተኑም፤ አሥር ዓመት ቆመው በ1979 መጨረሻ ፊልማቸውን አገኙ።

በመሐሉም ሥራ አልፈቱም። በ1976 ለዋይት ሐውስ ደብዳቤ ጽፈው ናሳ ለመጀመሪያው ተመላላሽ መንኮራኩር ያሰበውን ስም አስቀይረው በተከታታዩ መርከብ ስም «ኢንተርፕራይዝ» አሰኙት። ድል ነው። ብቻ ይቺ ኢንተርፕራይዝ ሞተር ያልተገጠመላት፣ የሙቀት መከላከያ የሌላት የሙከራ መንኮራኩር ነበረች። በትልቅ አውሮፕላን ጀርባ ታዝላ ትወጣለች፣ ትለቀቃለች፣ ተንሸራታ ትወርዳለች። ጠፈርን አንድም ቀን ሳታይ ዛሬ ኒውዮርክ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። ለደጅ ጥናት ከዚህ የተሻለ ሐውልት ማን ያቆምለታል?

አንድ ሰው ሎተሪ ሲደርሰው ሰፈሩ ሁሉ ትኬት ይገዛል። ከ«ስታር ትሬክ» በኋላ የተሰረዘ ሁሉ ፊልም ጠበቀ።

«ፋየርፍላይ» ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። ፎክስ በመስከረም 2002 ጀመረው። 14 ክፍል ተሠርቶ 11 ታየ፤ ቅደም ተከተሉም ተዘበራረቀ። ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ እንዴት እንደተገናኙ የሚያስተዋውቀው የመጀመሪያው ክፍል የታየው በታኅሣሥ፣ ተከታታዩ ከተሰረዘ በኋላ ነው። ሠርግን ከመልስ ጀምሮ ሽማግሌ መላኩን መጨረሻ ላይ እንደማድረግ። አድናቂዎቹ «ብራውንኮትስ»፣ ማለትም ባለ ቡኒ ካፖርቶቹ፣ ተባብለው ገንዘብ አዋጡ፣ ቫራይቲ በተባለው የሲኒማ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጡ፣ ዲቪዲውን ገዝተው ለዘመድ አዝማድ አደሉ። ይህን ያየው ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ፈቀደና በ2005 «ሰሬኒቲ» የተባለው ፊልም ወጣ።

ደጅ ጠኚው በሩ ተከፍቶለት ምን አገኘ? ደራሲውና ዳይሬክተሩ ጆስ ዊደን በፊልሙ ውስጥ ሕዝቡ ከሚወዳቸው ሁለቱን ገደለለት። አንደኛው ቄሱ ነው። ሌላው፣ አብራሪው ዋሽ፣ የተሰባበረችውን መርከብ በስንት ጭንቅ አሳርፎ ገና እፎይ ከማለቱ በመስኮቱ የገባ ጦር ከወንበሩ ጋር ሰፋው። ሦስት ዓመት የጠበቀ ሕዝብ ትኬቱን በገዛ ገንዘቡ ቆርጦ ገባና ሁለት ወዳጁን ቀብሮ ወጣ። ፊልሙ 39 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ በዓለም ዙሪያ 40 ሚሊዮን ገደማ አስገባ፤ የሲኒማ ቤቶቹ ድርሻ ሲነሳለት ኪሳራ ነው። ቀብረው የወጡት ሰዎች በማግስቱ የት ተገኙ? እዚያው ደጅ ላይ፣ «ሁለተኛውስ መቼ ነው?» እያሉ። በ2007 ስቲቨን ስዋንሰን የተባለ ጠፈርተኛ የተከታታዩንና የፊልሙን ዲስኮች ይዞ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ወጣ። የመጀመሪያው ፊልም ጠፈር ደረሰ፤ ሁለተኛው ምድርም አልደረሰ።

የ«ስታርጌት» ሰዎች ደግሞ ተስፋ ተሰጥቷቸው ነው የተጎዱት። በ2008 ሁለት ፊልም በዲቪዲ ስለወጣላቸው ሦስተኛውም፣ «አትላንቲስ» የተባለው ሁለተኛው ተከታታይ ፊልምም እንደሚመጣ ተነገራቸው። ከዚያ ባለቤቱ ኤምጂኤም ራሱ በ2010 የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። በ2011 ከፈጣሪዎቹ አንዱ ብራድ ራይት ፊልሞቹ እንደማይሠሩ አረዳቸው። ጌታው ከስሮ፣ ግቢው ተሸንሽኖ፣ አጋፋሪው ራሱ «ሂዱ» ብሎ ሲሰናበት እንኳ የማይሄድ ደጅ ጠኚ በአጤዎቹም ዘመን አልታየ።

ሥራ ፈት ናቸው ማለት ግን ግፍ ነው። እጃቸውን የሰነዘሩም አሉ። «አክሳናር» በሚል ስም የራሳቸውን የ«ስታር ትሬክ» ፊልም ሊሠሩ የተነሱ አድናቂዎች ከመሰሎቻቸው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ። ፓራማውንትና ሲቢኤስ በታኅሣሥ 2015 ከሰሷቸው። በተከታዩ ዓመትም ደንብ ወጣ፤ የአድናቂ ፊልም ከ15 ደቂቃ አይብለጥ፣ ሁለት ክፍል ከሆነም በድምሩ ከ30 አይለፍ። ደጅ መጥናት ይቻላል፣ ጎጆ መቀለስ ግን ክልክል ነው። ደጅ ጠኚው አጉረመረመና ተመልሶ ቆመ።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ቅብጠት የሚመስለው ቪዲዮ ቤት ያላደገ ሰው ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ ሲኬድ መንገድ ላይ የምትገኘው አማኑኤልም ትሁን፣ ቢቸናም ሆነ ሞጣ፣ የገጠር ከተማ ልጅ ነገሩን ያውቀዋል። ቆርቆሮ ክፍል፣ በብርድ ልብስ የተጋረደ መስኮት፣ አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ የተቀመጠ ልጅ። አክተሩ ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ጠላት ጣቱን እየረገጠው ነው። መብራት ይጠፋል። ጩኸት፣ ፉጨት፣ «ብራችንን መልስ!» ባለቤቱ ሻማ ይዞ «አሁን ይመጣል» ይላል። አይመጣም። ልጆቹ ግን ቅስቀሳ አልጀመሩም፣ የማኅበር ስም አላወጡም። ወደ ቤት በሚወስደው ጭቃ ላይ ከመሐላቸው ምላሱ የረዘመው አክተሩ እንዴት ተወርውሮ እንደተነሳ፣ ጠላቱን በስንት እርግጫ እንደጣለው፣ ራሱ ያየ ያህል ተረከው። «አክተር እኮ አይሞትም» አለ፤ ክርክሩ ተዘጋ። ዩኒቨርሳል 39 ሚሊዮን ያፈሰሰበትን ሥራ ይህ ልጅ ከቪዲዮ ቤቱ እስከ ወንዙ ባለው መንገድ ጨረሰው፤ አብራሪውንም አልገደለ።

የከተሜው ኢትዮጵያዊ ግን ሠልጥኗል። በአንድ ካፌ ውስጥ ፖለቲካውን ሲሸነቁጥ የነበረው የፋና ቴሌቪዥኑ «ምን ልታዘዝ» ሲቋረጥ «መቼ ነው የሚመለሰው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አፍ ላይ ነበር። አገሩ የራሱ የሳይንስ ልቦለድ ፊልም ሲያገኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2015 የወጣው፣ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው «ክራምብስ» ዳንኤል ታደሰንና ሰላም ተስፋዬን ይዟል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ከሰማይ ላይ ቆሞ የቀረ የጠፈር መርከብ ሥር ይኖራል፤ መርከቡ ሲንቀሳቀስ ጊዜ ወደ አገሬ ይወስደኛል ብሎ ይነሳል። ስለ መጠበቅ የተሠራ ፊልም ነው ማለት ይቻላል፤ ተከታዩን ግን በሰልፍ የጠየቀ አልተሰማም።

ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ ዲማ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌልን ያኖራት እዚያ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር አለቀሰ፤ በዛብህ ሞተ፣ ሰብለ ሞተች፣ ጉዱ ካሳም ተከተለ። ሕዝቡ እንባውን ጠርጎ ወደ ሥራው ሄደ። መጽሐፉ ዛሬ ቢወጣ «ሰብለ በእርግጥ አልሞተችም» የሚል ማኅበር በአርባው ይቋቋም ነበር።

ሞጣ ደግሞ እውነተኛ የተቋረጠ ነገር አላት። ዓባይ ላይ ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኘው፣ በፋሲለደስ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተቆረጠ፤ ሰባራ ድልድይ የሚለው ስምም ወጣለት። ከዚያ ወዲያ ከስልሳ ዓመት በላይ ሰዉ ምን አደረገ? ገመድ ጣለ። ተሻጋሪው ወገቡን ይታሰራል፣ ወዲህና ወዲያ የቆሙት ወንዶች ይስባሉ፤ እሱም ከታች ዓባይ እያጓራ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ፎቶውን መጽሔት ላይ ያየው አሜሪካዊ ኬን ፍራንዝ መጥቶ ከአካባቢው ሰው ጋር ክፍተቱን በ2002 አስጠገነው። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ሌላ ድልድይ ተሠራ፤ የሞጣ ገበያተኛም ዶሮውን በብብቱ ይዞ ተሻገረ።

አንድ የለየለት ደጅ ጠኚ እዚያ ቢመጣ ግን አይሻገርም። ከአሮጌው ድንጋይ ጫፍ ላይ ይቀመጥና እንዲህ ይላል፦ «ያ አዲስ ድልድይ ነው እንጂ የዚህ ቀጣይ አይደለም። እኛ የምንጠብቀው ይህ ካቆመበት የሚቀጥለውን ነው፤ በዚያው በፋሲል ግንበኞች።»