ጁባ ላይ የውኃ ዳር ፍለጋ

ጁባ መጋቢት ላይ አስቸጋሪ ናት። በጋው ሊያልቅ ሲል ሙቀቱ የቀረ ጉልበቱን ሁሉ ያወጣል፤ ቀን የጋለው ቆርቆሮ እስከ እኩለ ሌሊት አይበርድም፤ ጄኔሬተር ሲጠፋ ማራገቢያውም ቀጥ ይላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ሙቀቱ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ መንግሥት የአገሪቱን ትምህርት ቤቶች በሙሉ ዘጋ። ልጆቹ ቤት ዋሉ፤ ግን የአብዛኛው ሰው ቤት ከመማሪያ ክፍሉ የሚሻል አይደለም።

ውኃ ዳር እንውረድ የተባለው በዚያ ሰሞን አንድ እሑድ ነው። ሐሳቡን ያመጣው የሐዋሳው ልጅ ነው፤ እዚህ ሆቴል ውስጥ ምግብ ያበስላል። ያደገው ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት አባ ኮዳው ከሰው ጋር ተጋፍቶ ቁራጭ በሚጠብቅበት አገር ስለሆነ፣ ውኃ ሳያይ ሲሰነብት ይከፋዋል። ሦስተኛችን የቦቴ ሾፌር ነው። በጁባ የቧንቧ መስመር የሚደርሰው ለጥቂቱ ሰው ነው፤ ሌላው ከወንዙ ተቀድቶ በቦቴ የሚመጣ ውኃ ይገዛል፣ በዚህም ሥራ ሐበሻ ብዙ ነው። ወዳጄ ወንዙን የሚያውቀው እንደ ግቢው ነው።

ያኔ የመጀመሪያ ሐሳባችን ባሕር ነበር፤ ግን የት ይገኛል? ደቡብ ሱዳን እንደኛው ባሕር የላትም፤ ዕቃዋ ከሞምባሳ ተነሥቶ በኡጋንዳ በኩል በኒሙሌ ይገባል። አባቶቻችን ምፅዋ ወርደው ጉርጉሱም ላይ ይታጠቡ ነበር፤ እኔ የደረስኩት ለወሬው ነው። ስለዚህ ያለን ነጭ ዓባይ ነው፤ እዚህ ባሕር ኤል ጀበል ይሉታል።

መጀመሪያ የሄድነው ወንዙ ዳር ካሉት መዝናኛዎች ወደ አንዱ ነው። ትልልቅ የማንጎ ዛፎች፣ ከሥራቸው የፕላስቲክ ወንበር፣ ከወንበሩ ፊት ሽቦ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ወንዙ። የመግቢያውን ከፍለን ገባን። የሐዋሳው ልጅ አስተናጋጇን፣

«እታለም፣ ወደ ውኃው መውረጃው በየት ነው?» አላት፤ የአገራችን ልጅ ናት።

«መውረድ አይፈቀድም። መዋኘት ከፈለጋችሁ ገንዳ አለ፤ ሒሳቡ ለብቻ ነው።»

ሾፌሩ ተነሥቶ ገንዳውን አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «ይኼን እኮ የሞላሁት እኔ ነኝ! ሐሙስ ለት፣ ከዚሁ ወንዝ ቀድቼ!» አለ። አልተሳሳተም። ውኃው ከወንዙ በፓምፕ ወጥቶ፣ ከተማውን በቦቴ ዞሮ፣ ተጣርቶ፣ ተመልሶ ከወንዙ ጥቂት ርምጃ ላይ ተቀምጦ በገንዘብ ይሸጣል። ጾም ስለነበር ዓሣ ይበላል አይበላም የሚል ክርክር ተነሥቶ ምሳውም ሳይታዘዝ ወጣን።

ነገሩ የጁባ ብቻ አይደለም። ቢሾፍቱ ሂዱና ባቦጋያን ወይም ኩሪፍቱን ሳትከፍሉ ለመንካት ሞክሩ። ሐይቁ የተፈጠረው በእሳተ ገሞራ ነው፣ ባለሆቴሉ አልቆፈረውም፤ ዳርቻው ግን በየግቢው ተከፋፍሏል። ክረምቱ ሲወጣ በኢሬቻ ዕለት ሆራ አርሰዲ ዳር ያ ሁሉ ሕዝብ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ሲወርድ ሳይ ደስ የሚለኝ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ማንም ከማንም ትኬት አይጠይቅም። ላንጋኖ ለመዋኘት ከአገራችን ሐይቆች ይመረጣል፣ ቢልሃርዚያ የለበትም ይባላል። ግን ደመወዝተኛ ቤተሰቡን ይዞ አንድ ቀን ልዋል ቢል ስንት እንደሚያወጣ የሞከረው ያውቀዋል። ውኃ ዳር መቀመጥ እንደ ጥላ ሥር መቀመጥ ለሁሉም መሆን አለበት ባይ ነኝ።

ከመዝናኛው ከወጣን በኋላ በጀልባ ወደ ጎንዶኮሮ ደሴት ለመሻገር ተስማማን። እ.ኤ.አ. በ1863 የነጭ ዓባይን መነሻ አገኘሁ ብሎ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የመጣው አሳሹ ስፒክ፣ ከካርቱም በኩል ከመጣው ሳሙኤል ቤከር ጋር የተገናኘው በዚሁ በጎንዶኮሮ ነው። እኛ ግን አልደረስንም። ይህ ወንዝ ከትልቅ ሐይቅ ስለሚነሣ እንደኛው ዓባይ በክረምት ደፍርሶ በበጋ አይመነምንም፤ ያም ሆኖ በጋው ሲያልቅ አሸዋው ወደ ላይ ይቀርባል። መሐል ላይ ጀልባዋ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። ባለጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ ውረዱና ግፉ አለን። አዞስ ብንለው በእጁ ራቅ ያለ ቄጠማ አሳየን፤ እዚያ ነው፣ እዚህ አይደለም ማለቱ ነው።

ወረድን። እስከ ወገብ ነው። ውኃው ቡና በወተት ይመስላል፣ ግን ይቀዘቅዛል። ስትቆም ከተረከዝህ ሥር አሸዋው እየተሸረሸረ እግርህ ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ ለመቆም ደጋግመህ መራመድ አለብህ። የሐዋሳው ልጅ መግፋቱን ትቶ ከነልብሱ ተነከረ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ አልበራም።

ባለጀልባው ወደመጣንበት ሳይሆን ቦቴዎች ወደሚቀዱበት ዳርቻ መለሰን። እዚያ ሕዝብ ሞልቷል። ፓምፖቹ ያጓራሉ፤ ቦዳቦዳ ነጂዎች ሞተራቸውን እስከ ግማሽ ጎማ ውኃ ውስጥ አስገብተው ያጥባሉ፤ ሴቶች ልብስ ያሹታል፤ ትምህርት የተዘጋባቸው ልጆች ሳሙና ተቀባብተው ከቦቴው መከላከያ ላይ እየተንደረደሩ ይዘላሉ። ንጹሕ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ2014 ከተማዋን ኮሌራ ሲመታት ያልታከመ የወንዝ ውኃ መጠጣት አንዱ ምክንያት ነበር፤ የሚቀዳው ውኃ ላይ ክሎሪን መጨመር የግድ የሆነው ለዚህ ነው። ግን ከሁሉም የቀረበ፣ መግቢያ የማይጠየቅበት ዳርቻ ይህ ነበር።

የሐዋሳው ልጅ በደስታ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣ። ከጀርባው ድልድይ ይታያል። ጁባ ውስጥ ድልድይ ፎቶ ማንሳት መዘዝ አለው፤ ሲቪል የለበሰ ሰው ወዲያው መጥቶ ስልኩን ተቀበለ። በጃፓን ርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 እስኪመረቅ ድረስ ጦርነት ደጋግሞ ያቋረጠው የነፃነት ድልድይ ከተማዋ ለዓመታት የጠበቀችው ነው፤ ቢጠብቁት አይገርመኝም። ሾፌሩ በጁባ ዓረብኛ ብዙ ለመነ፣ «ወንድሜ» አለው፣ «አባቴ» አለው፣ ፎቶው ተሰረዘና ስልኩ ተመለሰ።

ልብሳችን እስኪደርቅ ልብስ ከሚያጥቡት ሴቶች አጠገብ ተቀመጥን። አንዲት ጠና ያለች ሴት ሾፌሩን ታውቀዋለች፤ በየቀኑ ያያታል። ዓምና የምታጥበው ከዚህ ከፍ ብሎ ነበር፤ አሁን እዚያ ግንብ ቆሟል። እጇን ወደ ቀኝ ዘርግታ አሳየችን፤ ዳርቻው አፈር ላይ አዲስ የብረት ችካሎች ተደርድረዋል፣ ሽቦው ገና አልተወጠረም። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ጠየቅናት፣ አልነገሯትም።

ሾፌሩ በሚቀጥለው እሑድ ከሥራ እቀራለሁ አለ። የሐዋሳው ልጅ ሆቴሉ ውስጥ ያሉትን የአገር ልጆች ሁሉ ይዞ እንደሚመጣ ቃል ገባ። ሽቦው ሳይወጠር እንደርስ እንደሆነ ሴትዮዋን ጠየቅናት።

«በጧት ኑ» አለች።