ማረሻ የሚሰበርበት

ጎጃም ውስጥ ሜትር መዘርጋት ሰው ያስደነግጣል። በ1960 ዓ.ም. ገበሬው በእርሻ ገቢ ግብር ሲነሣ ልኬታን ጭምር ፈርቶ ነበር፤ የ1989ኙ የመሬት ሽግሽግም ገና አልተረሳም። ስለዚህ ከቡሬ ወጣ ብለን ማሳ ዳር ገመድ ስንዘረጋ ሰው ቢከበንም አልፈረድኩበትም።

የመጣነው ወደፊት ማርስ ላይ የሚወርዱ ሰዎች የሚሠሩትን ለመለማመድ ነበር። ከዚህ እስከ እንጅባራ አገሩ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ዘንገና ሐይቅም የተኛው በእሳተ ገሞራ አፍ ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፦ ብረት ሳህን በመዶሻ ትመታለህ፣ የተደረደሩት ጂኦፎኖች ንዝረቱን ይይዛሉ። ንዝረት በአፈር ቀስ ይላል፣ በድንጋይ ይፈጥናል፤ ከደረሰበት ሰዓት የድንጋዩ ጥልቀት ይሰላል።

የጠፈር ልብስ ጓንት እንዲሆንልን የብየዳ ጓንት አጠለቅን። አንዱ ጓደኛችን ቡሬ ሻይ ቤት ተቀምጦ «ምድር» ሆነ። የማርስ መልእክት እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ስለሚፈጅ፣ የኛንም በየአቅጣጫው 20 ደቂቃ አዘገየነው።

ከብት መጣ። ጂኦፎን የሚሰማው መዶሻን ብቻ አይደለም፣ ኮቴንም ነው። «ምን እናድርግ?» ብለን ላክን። «እስኪያልፉ ጠብቁ» የሚለው መልስ ሲደርስ ከብቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ዝናብ ጀምሯል፣ የገመዱ መጋጠሚያ ጭቃ ጠጥቷል፣ በጓንት ደግሞ አልዘጋ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ1971 የአፖሎ 14ቱ ኤድጋር ሚቸል ጨረቃን በሚመታው ዘንግ ከ21 ጥይቶች የፈነዱለት 13 ብቻ የሆኑት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ዛፍ ሥር ተጠልለን ሳለ የማሳው ባለቤት መጡ።

«ልጆቼ፣ ልኬታ ነው?»

«አይደለም አባቴ፤ ድንጋዩ ስንት ጥልቀት ላይ እንዳለ ነው የምንፈልገው።»

«እሱንማ ለምን አልጠየቃችሁኝም? ላይኛው ዳር ማረሻ ይሰብራል። ታችኛው ግን አፈሩ ወፍራም ነው፣ በክረምት በሬ ይሰምጥበታል።»

ማታ ቡሬ ላይ መረጃውን ስንከፍት ድንጋዩ ወደ ላይ ቀርቦ የታየው ያው ላይኛው ዳር ነበር።

ማርስ ላይ ዕድሜውን መሬት ሲያርስ የኖረ ሰው አይገኝም። እዚያ የሚሄደው ሰው ግን እንደ ገበሬ ረግጦ የሚያነብ ዓይን ይዞ መሄድ አለበት፤ ይህ ደግሞ መሣሪያ ከመዘርጋት በፊት መለማመድ ያለበት ነገር ነው። በማግስቱ ሕጉን ቀየርነው፦ ሻይ ቤት ያለው ጓደኛችን ዘገባ ይቀበላል እንጂ አያዝም፤ የት እንደሚመታ የሚወስነው ማሳው ላይ የቆመው ነው።