ሆም ብለው የጠሩት፣ እንግዳ የማያስገባ ቤት

እኔ የምለው፣ ቤት ተብሎ እንግዳ የማያስገባ ምን ዓይነት ቤት ነው?

ሎጊያ ላይ ጎማና መለዋወጫ ስሸጥ አርጅቻለሁ። ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሹፌር እኔ ጋ ውሃ ይጠጣል፤ ሲመለስም ይጠጣል፤ ሒሳቡን «በሚቀጥለው ጋሼ» ይላል። አንዱንም ከደጅ መልሼ አላውቅም። ይህ ላፕቶፕ ግን መለሰ፤ ያውም የእህቴን ልጅ።

ነገሩ የጀመረው በጎማ ነው። የሱቁን ዕቃ ኤክሴል ላይ ልመዝግብ ብዬ «12-20» ብጽፍ፣ ዲሴምበር 20 አድርጎ ቁጭ አደረገው። «9-20» ስጽፍ ሴፕቴምበር። መደርደሪያዬ ላይ ያለው የከባድ መኪና ጎማ ሁሉ የፈረንጅ ቀን ሆኖ አረፈው። አዲስ አበባ ላለው የእህቴ ልጅ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ በሪሞት ገብቼ አስተካክልልዎታለሁ።»

«ግባ» አልኩት። ለመግባት ማን ከለከለህ?

«ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም የሚለውን ይክፈቱ፤ ከዚያ ወረድ ብለው ሪሞት ዴስክቶፕ የሚለውን ይጫኑ።» መነጽሬን ፈልጌ ጫንኩ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ በሎጊያ ስምንት ሰዓት ላፕቶፕ ከምጣድ አይለይም። የወጣውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል አነበብኩለት፦ የእርስዎ የዊንዶውስ ሆም ኤዲሽን ሪሞት ዴስክቶፕን አይደግፍም ነው የሚለው። «የእርስዎ» ማለቱ ደግሞ! ከደጅ እየመለሰ ያከብረኛል።

«ሆም ነዋ ጋሼ! ፕሮ ቢሆን ይገባ ነበር።»

ቀስ ብሎ አስረዳኝ፤ እኔም ቀስ ብዬ ተናደድኩ። ለካ ሆሙ ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ መግባት ይችላል፤ መሄጃው ፕሮግራም አብሮት ተጭኗል። የማይችለው መቀበል ነው። ሰው ቤት ሄዶ ይበላል፣ ይጠጣል፤ የራሱን በር ግን አይከፍትም። እንዲህ ያለው ሰው በየሰፈሩ አለ፤ ስም ወጥቶለትም ይኖራል።

ነገሩ የትናንት አይደለም። ዊንዶውስ ኤክስፒ በፈረንጅ 2001 ሲወጣ ሆምና ፕሮፌሽናል ተብሎ ተለያየ፤ የሚቀበለው ፕሮፌሽናሉ ሆነ። ቪስታ መጣ፤ ስታርተር፣ ሆም ቤዚክ፣ ሆም ፕሪሚየም፣ ቢዝነስ፣ ኢንተርፕራይዝ፣ አልቲሜት። ስድስት! ቡና እንኳ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ያበቃል፤ ያውም ሦስቱንም የሚጠጣው ያው ሰው ነው። ፕሪሚየም ብለው የሾሙትም በሩ ዝግ ነበር። ዛሬም በዊንዶውስ 11 ፕሮ፣ ኢንተርፕራይዝና ኤዱኬሽን ይቀበላሉ፤ ሆም አይቀበልም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ፕሮ ለመሆን 99 ዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር በብር ስንት እንደገባ ለመለዋወጫ ነጋዴ አትንገሩት። «ይሁን፤ ዕቃው መቼ ይደርሳል?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጁ ሳቀ። የሚደርስ ዕቃ የለም። ዋናው ነገር እዚያው ሆሙ ውስጥ ተኝቷል፤ የሚሸጠው የመክፈቻው ቁጥር ነው። እኔ መኪና ሸጬ አምስተኛውን ማርሽ ቆልፌ ባስቀር፣ ሹፌሮቹ ሱቄን ከነጎማው አያቃጥሉትም?

እሺ፣ ፕሮ ገዛሁ እንበል። ልጁ በስሜ ሲገባ የእኔ ስክሪን ይቆለፋል፤ እሱ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ እኔ የተዘጋ በር አያለሁ። እንግዳ ሲገባ ባለቤት የሚወጣበት ቤት! ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ለማስገባት ሰርቨር የሚባለው አለ፤ እሱም ለአስተዳደር ሥራ ሁለት ሰው ያስገባና ከዚያ በላይ በየራሱ ፈቃድ ያስከፍላል።

ጉድ ብቻ ብትሉ ገና ነው። ከአዲስ አበባ እንዲሁ ዘው ማለትም የለም። ሁለቱ ኮምፒውተሮች በአንድ ዋይፋይ ሥር ካልሆኑ ቪፒኤን የሚባል መንገድ ይሠራል። 3389 የሚሉትን የሪሞት በር ለኢንተርኔት ከፍተህ ብትተወው ሌባ ቀድሞት ይገባል አለኝ። እዚህ ላይስ ልጁን አመንኩት፤ የመኪና መንገድ ላይ የኖረ ሰው ክፍት በር ምን እንደሚያመጣ ያውቃል።

የሰፈሩ ኮምፒውተር ጠጋኝ ልጅ ሰምቶ መጣ። «ጋሼ፣ ክራክ አድርጌ ፕሮ ላድርግልዎ?» የተሰረቀ ጎማ አልገዛም አልኩት። ቅር ብሎት ሄደ።

ድሮ ሪሞት ስንል ሌላ ነበር። መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ኮምቦልቻ ላለ መካኒክ እንደውልና ስልኩን ሞተሩ አጠገብ እንይዝለታለን። ያዳምጥና «ኖዝሉን እዩት» ይላል። ኤዲሽናችንን የጠየቀ የለም።

በመጨረሻ የእህቴ ልጅ ኩዊክ አሲስት የሚባል አመጣ። ሆምም ላይ ይሠራል፤ ክፍያ የለውም። የላከልኝን ስድስት ፊደልና ቁጥር በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካላስገባሁ ይሞታል፤ መነጽር ለሚፈልግ ሰው አሥር ደቂቃ ምንም አይደለችም፤ ሁለት ጊዜ ሞተብኝ። በሦስተኛው ይግባ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ፈቀድኩ። እንደ ሰው ቤት ነው፤ እንግዳው ሲገባ እኔም ተቀምጬ አያለሁ። ታዲያ ይህ ከተቻለ ያኛው ምን አስቆለፈው? ባለቤቱ ቤት ከሌለ አይገባም እንጂ ሌላ ነውር የለበትም።

የመዳፊቱ ቀስት ብቻውን መሄድ ጀመረ። ጎረቤቴ፣ የአፋር ሽማግሌ፣ ጥላ ፍለጋ ገብቶ ነበር፤ በትሩን ተደግፎ ስክሪኑን አየ።

«ማነው የሚነዳው?»

«የእህቴ ልጅ፤ ከአዲስ አበባ።»

«ዳጉ ጠየቅኸው?»

አፈርኩ። አፋር በረሃ ላይ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲገናኝ እንኳ ቆሞ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ያየውን ካየው፣ የሰማውን ከሰማው ለይቶ ይነግራል። እኔ ግን ልጁን ስለ ጎማ ብቻ ነበር ያናገርኩት። ሽማግሌው ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ ብሎ፣ በስልኬ ላይ ለነበረው ልጅ ሳይሆን ለቀስቱ፣ «ሰላም ነው? እዚያ ዝናብ አለ?» አለው።

ቀስቱ ቆመ። ከዚያ ከ12-20ው ጎማ ቀጥሎ ባለው ባዶ ሣጥን ፊደል በፊደል ተጻፈ፦ «ሰላም ነው አባቴ። ከጠዋት ጀምሮ እየዘነበ ነው፤ በዓይኔ ያየሁት ነው።»

ዝርዝሩ ውስጥ እስካሁን አለ፤ አላጠፋሁትም።