እድራችን ዓለም አቀፍ ደረጃውን ይጠብቅ

የሰፈራችን እድር ኋላ ቀር ነው። ቂም ይዤ አይደለም ይህን የምለው፤ ባለፈው ክረምት በዓይኔ አይቼ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከጠላ ቤቷ ጓሮ እሳት ተነሣ። ጥሩምባ ነፊያችን በካናቴራ ወጥቶ ነፋ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር አፍራለሁ፤ የእድሩ ዳኛ «ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል ወይ?» እንኳ ሳይሉ ጋቢያቸውን ጥለው በባልዲ ውሃ ይዘው ሮጡ። ጸሐፊያችን መዝገቡን ትቶ በርሜል ሲያንከባልል አየሁት። ቃለ ጉባኤ የለ፣ የአቋም መግለጫ የለ፣ የሻይ ዕረፍት የለ። እሳቱ አንዲት የውግዘት ደብዳቤ እንኳ ሳትደርሰው ጠፋ።

ኒው ዮርክ ቢሆን እንዲህ ያለ ነውር አይደረግም። እዚያ የጸጥታው ምክር ቤት 15 አባላት አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራሉ፤ በፈረስ ጫማ ቅርጽ በተሠራው ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ «ሁኔታው በእጅጉ አሳስቦናል» ይላሉ። «በእጅጉ» የምትለዋን ቃል አትናቋት። እንዲያው «አሳስቦናል» ብቻ ከተባለ ነገሩ ገና ነው፤ «በእጅጉ» ከታከለችበት ሬሳ መቆጠር ጀምሯል ማለት ነው። ቀጥሎ «ሁሉም ወገኖች ቁጥብነት እንዲያሳዩ» ጥሪ ይቀርባል። እሳቱም ይቆጠብ፣ ቤቱም ይቆጠብ። መጨረሻ ላይ ምክር ቤቱ «ጉዳዩን በንቃት መከታተሉን እንደሚቀጥል» ይጻፋል፤ ብዙዎቹ የምክር ቤቱ ውሳኔዎች የሚዘጉት በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ቤቱ አመድ እስኪሆን ድረስ ዓይኑን ሳይነቅል የሚከታተል ጎረቤት ማግኘት ቀላል ነገር መሰላችሁ?

እናም ለእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ የማሻሻያ ሐሳብ አቀረብኩ። አንደኛው አንቀጽ አምስቱ መሥራች አባወራዎች የሚቃወሙት ነገር ሁሉ ውድቅ እንዲሆን የሚል ነው። ሌላው አባል ሁሉ እጁን ቢያወጣ፣ ከአምስቱ አንዱ «አይሆንም» ካለ አይሆንም፤ ልክ እንደ ምክር ቤቱ አምስት ቋሚ አባላት። አንዲት እናት ከኋላ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ የሰውየው ልጅ የጎረቤቱን አጥር ጥሶ ቢገባስ? በገዛ ልጁ ጉዳይ አባትየው ዳኛ ሊሆን ነው?» አሉ።

«እንዴታ!» አልኳቸው። የካቲት 2014 ዓ.ም. ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር የምክር ቤቱ የወሩ ሊቀ መንበር ማን ነበረች? ራሷ ሩሲያ። 11 አገሮች ወረራውን የሚያወግዘውን ረቂቅ ደገፉ፣ ሦስት ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፣ እርሷ አንድ እጅ አወጣች፤ አበቃ። አሜሪካስ ብትሆን? ኅዳር 2016 ዓ.ም. ጋዛ ውስጥ ተኩስ ይቁም የሚለውን ረቂቅ 13 አገሮች ደግፈውት፣ እንግሊዝ እንኳ ድምፀ ተአቅቦ አድርጋ፣ ለብቻዋ ጣለችው። ሁለቱ በምንም ነገር አይስማሙም ይባላል እንጂ በዚህች ሥልጣን ጣፋጭነት ግን ተለያይተው አያውቁም። እናትየው ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያው እድር ምን ያደርጋል?» ብለው ተቀመጡ። ዓለም አቀፍ ልምድ ስለሌላቸው አልፈረድኩባቸውም።

እኛ ግን ልምድ የለንም ማለት አንችልም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን እንደ ማንኛውም የእድር አባል «ክፉ ቀን ቢመጣ ሰው አለኝ» ብላ ነበር። ክፉው ቀን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መጣ፤ ጣሊያን መረብን ተሻገረች። ማኅበሩን አልማው፤ ሳምንት ሳይሞላ ወራሪዋ ጣሊያን ናት ብሎ ፈረደ። ኅዳር ላይ ደግሞ ማዕቀብ ጣለ። ወደ ጣሊያን እንዳይሸጡ ከተከለከሉት ነገሮች መካከል ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል ይገኙበታል።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። በማኅበሩ መቀመጫ በጄኔቫ አንድ በሚገባ የለበሰ ሰው፣ ብዕሩን ቀለም እየነከረ «አህያ» ብሎ ጽፏል። ከጎኑ ያለው ደግሞ ምናልባት «ግመልንስ ረሳናት እኮ» ብሎት ይሆናል። ነዳጅ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ ወታደርና መርዝ ጋዝ የጫነው መርከብ የመተላለፊያ ክፍያውን እየከፈለ አለፈ። ያን ጋዝ በሠራዊታችን ላይ ያዘነበው አውሮፕላን ገብስ የሚበላ ይመስል! አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ፤ ጄኔቫ ዳውላውን ፈርታ አህያዋን ገረፈች።

ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጄኔቫ ሄደው ቆሙ። የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩ ረበሿቸው። ማኅበሩ የንግግሩን ክብደት በሚገባ ከመረመረ በኋላ በሐምሌ ማዕቀቡን አነሣ። አህያም ነጻ ወጣች።

ሁለተኛው አንቀጼ ሐዘን ሲበዛ ድንኳኑ ይነቀል የሚል ነው። ይህችኛዋ ከሩዋንዳ የተቀዳች ናት። መጋቢት 1986 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጭፍጨፋው ሲጀመር 2,500 ያህል ሰላም አስከባሪዎች እዚያው ነበሩ። ሁለት ሳምንት ሲሆነው ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ቁጥሩ ወደ 270 ይውረድ ብሎ ወሰነ። ጨፍጫፊው መንግሥት በዚያ ዓመት የምክር ቤቱ አባል ነበርና ተወካዩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጉባኤው ውስጥ ይህን ሳነብ የሳቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም ቶሎ ገጹን ገለጥኩ።

የራሳችን አህጉርም ወደ ኋላ አልቀረችም። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ድረስ የጠመንጃን ድምፅ ጸጥ እናሰኛለን ብለው እዚሁ አዲስ አበባ ቃል ገቡ። ዓመቱ ሊያልቅ ሳምንታት ሲቀሩት፣ በራሳችን ሰሜን ጦርነቱ ከተጀመረ ወር በሞላው ሰሞን፣ ተሰብስበው ቀጠሮውን ወደ 2030 አዛወሩት። ቀበሌ ሄዶ «ነገ ተመለስ» የተባለ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ ጠመንጃም ባለጉዳይ ሆኖ ቀጠሮ ያዘ። የመሪዎቹ ኅብረት መሥሪያ ቤት የቆመው ድሮ «ዓለም በቃኝ» የሚባለው እስር ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ስሙን ማን ቀየረው?

ለሚዛን ያህል፣ ከእነዚሁ ድርጅቶች ውስጥ እንደ እኛ እድር ኋላ ቀር የሆኑም አሉ። መርፌ ይዘው ተራራ ለተራራ፣ ጎጆ ለጎጆ እየዞሩ፣ የእኛንም ገደል ወጥተው ወርደው ፈንጣጣን ከምድር ላይ ያጠፉ ሰዎች ነበሩ። የአሳስቦናል መግለጫ ስለማውጣታቸው የሰማሁት የለም። ለዚህ ይሆናል ስማቸውን የሚያውቅ የጠፋው።

ሦስተኛውን አንቀጽ ልጀምር ስል ጥሩምባው ተነፋ። ከታችኛው መንደር አንድ አዛውንት አርፈዋል። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ እናትየው ሁሉም ተነሥተው ወጡ፤ ድንኳን ተሸካሚው ይመስለኛል የኔን ወንበር ሳይቀር ከሥሬ ነጥቆ ሄደ። እኔ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ጉዳዩን በንቃት ስከታተል ዋልኩ።

በማግስቱ የቅጣት ደረሰኝ መጣልኝ፤ 50 ብር። «ምክንያት፦ ቀብር ላይ ያልተገኘ» ይላል። ዳኛው ቤት ድረስ ሄጄ በእጅጉ አሳስቦኝ እንደነበር አስረዳሁ። ደረሰኙን አገላብጠው ካዩት በኋላ፣ «አንተ ልጅ፣ የሱ መጻፊያ ቦታ እኮ የለውም» አሉኝ።